አምስቱ ከገጠሙ

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት አሥራ ሰባት መልእክት ጠበቀኝ። አሥራ ስድስቱ ቅሬታ ነው። አሥራ ሰባተኛው ቅሬታዎቹን ለምን እንዳልመለስኩ የሚጠይቅ ነው።

ለራሴ ልጻፈው፣ ሌላ የሚሰማ የለም። ኬርኖት የሚባለው የሕሙማን መዝገብ ፕሮግራም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ይወስደዋል፣ ማንም ያሻሽለዋል ይባላል። «ማንም» የሚባለው ሰው ግን እስካሁን ብቅ አላለም። ፕሮግራሙ በእኛ ጤና ጣቢያዎች እንዲሠራ የሚያደርጉት ሦስት ፕለጊኖች፣ ማለትም ከላዩ የሚሰኩ ተጨማሪ ክፍሎች ናቸው። አንዱ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ያስቆጥረዋል፣ አንዱ ስም በፊደላችን እንዲፈልግ ያደርገዋል፣ ሦስተኛው አንድ ሰው ሁለት ካርድ አውጥቶ ሲገኝ ካርዶቹን አንድ ያደርጋል። ሦስቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ የጠበቅኳቸውም እኔ ነኝ፣ እዚሁ ሸዋ ሮቢት፣ ማንጎው ሥር፣ መብራት ባለ ቀን። ውጭ አገር ያሉት ዋናውን ፕሮግራም በየሦስት ወሩ ይለውጡና የእኔን ይሰብሩታል። ሳይጠይቁ። ጳጉሜን የሚባል ወር መኖሩን ለማስረዳት ብቻ አራት ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ከአሥራ ስድስቱ ቅሬታ ዘጠኙ ስለ ሦስተኛው ነው፣ እኔ «አጣማሪ» ስለምለው። «ይህ ሰው ያ ሰው ነው ወይ እያለ በየደቂቃው ይጠይቀናል፣ ወረፋ በዛብን» ይላሉ። እውነት አላቸው። ማሽን ራሱ ሊያውቀው የሚችለውን ነገር ሰው መጠየቅ የለበትም። ስለዚህ አዲሱ ቅጂ አይጠይቅም። ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ፣ የትውልድ ዓመት፣ ስልክ ቁጥር። አምስቱ ከገጠሙ ሰውየው አንድ ነው፣ ካርዶቹ ይጣመራሉ፣ አለቀ። አምስት ነገር በአጋጣሚ አይገጥምም።

ጥር 22፣ ሐሙስ

አዲሱን ቅጂ ሾላ ግርጌ ጤና ጣቢያ ሄጄ ጫንኩ። ቅርብ ስለሆነ ሁልጊዜ ከእነሱ ነው የምጀምረው።

መዝገብ ክፍሉን የያዘችው ናጅዋ የምትባል ናት፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ስሠራ ከኋላዬ ቆማ ታያለች።

«ጋሼ፣ ካሁን በኋላ አይጠይቀኝም ማለት ነው?»

«አይጠይቅሽም።»

«ቢጠይቀኝ ይሻል ነበር። እኔ መልካቸውን አይቼ ነው የማውቃቸው።»

«ኮምፒውተር መልክ አያይም።»

«እሱን እኮ ነው የምለው።»

መስኮቱ ላይ ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። አንዷማ በሻሿ አፏን ሸፈነች። ናጅዋ ሳቁ ልብ ሰጣት መሰለኝ ቀጠለች። «እዚህ ስልክ ያለው ከአሥር ቤት አንዱ ነው። መንደሩ ሁሉ የእሱን ቁጥር ነው የሚያስመዘግበው። ዕድሜውንም ቢሆን እኛው በግምት ነው የምንጽፈው።»

«እህቴ» አልኳት፣ ሁሉም እየሰማ፤ «ሥራ የሚያቀልልሽ ነገር ሲመጣ የምትፈሪው፣ ሥራ እንደሌለሽ እንዳይታወቅብሽ ነው?»

ሳቁ ቆመ። ስወጣ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ መዝገብ ክፍል ማሽኑን የሚያምን ሰው እንደሚያስፈልገው ነገርኩት። ነገሩ ገባው።

ባጃጅ ላይ ስለ ግምቱ አሰብኩ። የትውልድ ዓመቱ ግምት ከሆነ ከአምስቱ አራት ይቀራል። አራትም በቂ ነው። ስልኩም የጋራ ከሆነ ሦስት። ሙቀቱ ከባድ ነበር፣ ሐሳቤን ሳልጨርስ ደረስኩ።

የካቲት 3፣ ሰኞ

አንዋር የሚባል ሰው በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ አጣማሪን የሚከስ ጽሑፍ ለጥፏል። ከሚሴ ነው የሚሠራው፣ የጤና መረጃ ባለሙያ ነኝ ይላል፤ ከፎቶው እንደማየው ጢሙ ገና ሙሉ አልወጣም። «ያለ ጥያቄ ማጣመር አደጋ አለው። ቢያንስ የተጣመረውን መልሶ የሚለያይ ትእዛዝ ይኑረው» ይላል። በትሕትና ነው የጻፈው። ይበልጥ ያናደደኝ ትሕትናው ነው።

መልስ ጻፍኩ፣ አሥራ አንድ ነጥብ። አራተኛው ላይ ስሌት አለ። ሰባተኛው ላይ፣ እሱ ፊደል ሲቆጥር እኔ ኮድ እጽፍ እንደነበር አለ። ሰባተኛውን መተው ነበረብኝ። መለያያ ትእዛዝ አያስፈልግም፤ የተሳሳተውን መመለሻ በር ካዘጋጀህ ሰው መሳሳት ይለምዳል። ጉዳዩን ዘጋሁት። እዚያ ገጽ ላይ የመዝጋት ሥልጣን ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ባለቤቴ በላይነሽ ከጓዳ ሆና «ማንን ነው እንዲህ የምትወግረው? ቁልፎቹ ይነቀላሉ እኮ» አለችኝ።

«አንድ የማያውቅ ሰው ነው።»

«የማያውቅ ከሆነማ ቀስ ብለህ ጻፍለት።»

የካቲት 12፣ ረቡዕ

መብራት የለም፣ ሁለተኛ ቀኑ። ዳታም የለም። የኮምፒውተሩ ባትሪ አሥራ አንድ በመቶ።

ኃላፊው ደውሎ ናጅዋን ወደ መድኃኒት ክፍል እንዳዛወራት ነገረኝ። በቦታዋ ኮምፒውተር የተማረ አዲስ ልጅ ገብቷል፣ ወረፋው ፈጥኗል አለ። ጥሩ። እኔ ትዛወር አላልኩም። ማሽኑን የሚያምን ሰው ነው ያልኩት።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ሁለቱ ጾም ተገናኝቷል፣ ረመዳንና ሁዳዴ። ከተማው ቀን ቀን ዝም ይላል፣ ሻይ ቤቶቹ ወንበራቸውን ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ሰቅለዋል።

ዛሬ ግን ደስ ብሎኛል፣ ይህም ይጻፍ። በየወሩ መምጣት ያለባቸው ሕሙማን አሉ፦ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ። በወሩ ውስጥ ጤና ጣቢያውን ያልረገጠ ሰው ስሙ በቀሪዎች ዝርዝር ይወጣል፣ ይደወልለታል፣ ካልመጣ ሰው ይላክበታል። የጥር ዝርዝር በሾላ ግርጌ ሠላሳ አንድ ስም ነበረው። አዲሱ አሥራ ዘጠኝ። ይህን ያደረገው አጣማሪ ነው። ድሮ ሰው በአንዱ ካርድ እየመጣ በሌላው ካርዱ ቀረ ይባል ነበር፤ ያ ጠፋ። ቁጥሩን በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ አወጣሁት። ከብዙ አገር ሰዎች እንኳን ደስ አለህ ጻፉልኝ፣ ከእነሱ ውስጥ የጳጉሜን አቆጣጠሬን የሰበሩብኝ ሁለት የዋናው ፕሮግራም ሰዎችም አሉበት።

አንዋር ደግሞ፦ «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ። የመጡት ሰዎች ጨመሩ፣ ወይስ ዝርዝሩ ብቻ ነው ያጠረው?»

አልመለስኩለትም። ሄጄ ግን አየሁ። የመጡት ሰዎች ቁጥር ያው ነው። ያ በጾሙ ምክንያት ነው። ረመዳን ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ሁዳዴም ሳምንቱ፣ ቢሆንም።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ዋናውን ፕሮግራም እንደገና ለወጡት። የዘመን አቆጣጠሩ ፕለጊን ከነጋ ጀምሮ ተሰብሯል። ሕፃናት ሁሉ በ1900 ዓ.ም. የተወለዱ ሆነዋል። አርባ መልእክት።

በዚህ መሐል ናጅዋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ሥራ ላይ ከሆኑ። ዘምዘም ሁሴን የምትባል የልብ ሕመምተኛ ልጅ አለችን፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በየሃያ ስምንት ቀኑ ነው የምትወጋው። መድኃኒቷን በስሟ ለብቻው ነው የምናስቀምጠው። የሁለት ጊዜው ሳይነካ አለ፣ አሁን እጄ ላይ ነው።»

«ዝርዝሩ ምን ይላል?»

«ቀርታለች አይልም። መጋቢት 2 መጥታለች ነው የሚለው።»

«ታዲያ መጥታለቻ።»

«መጥታ ሳትወጋ ሄደች?»

«የመድኃኒት ቆጠራ የእኔ ሥራ አይደለም። ለኃላፊሽ ንገሪ።»

«ነገርኩት። ‹ማሽኑን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ እሳቸውን ጠይቂ› አለኝ።»

አያለሁ አልኳት። ዘጋሁት።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

የዘመን አቆጣጠሩን ጨረስኩ። ስምንት ሰው አመሰገነ፣ ሠላሳ ሁለቱ ለምን እንደዘገየ ጠየቁ። ስሙን የማላውቀው አንድ ሰው ከየት እንደሆነ እንጃ «በነፃ የሚሠራ ሰው ሥራው እንዲህ ነው» ብሎ ጽፏል። ሦስት ጊዜ መልስ ጽፌ ሦስቴ አጠፋሁት።

የናጅዋን ገና አላየሁም። መድኃኒት ክፍል ገብታም መዝገብ ክፍሉን አልለቀቀችውም።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ባትሪ ልገዛ ወጥቼ መናኸሪያው ጎን ባለው ሱቅ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ከሾላ ግርጌ በላይ ካለው መንደር ነው አሉ። ትንፋሽ አጥሯት በቃሬዛ እስከ አስፋልት አወረዷት። ወደ ደብረ ብርሃን ነው የላኳት።»

«የማን ልጅ ናት?»

«የሁሴን መሰለኝ። ያቺ ከአጣዬ የመጣችው።»

«ውይ! ድናለች ብሎ ሰደቃ አብልቶን የለም እንዴ?»

ባትሪውን ይዤ ተመለስኩ። በቀወት ወረዳ ሁሴን የሚባል ሰው ስንት አለ። ስንት! ሁሴን ስላሉ ብቻ ሰው ይደነግጣል?

ለካ ባትሪው ትክክለኛው መጠን አይደለም። ባለ ሱቁ ቁጥር ማንበብ አይችልም።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

በጠዋቱ ሾላ ግርጌ ነበርኩ። አዲሱ ልጅ መዝገብ ክፍሉን ከፈተልኝ፣ ሻይ ልላክ አለ፣ ዞር በልልኝ አልኩት።

አጣማሪ የሠራውን ሁሉ መዝግቦ ያስቀምጣል። ያንን በደንብ ነው የጻፍኩት። ስልሳ አራት ጥንድ ካርድ ያለ ጥያቄ አጣምሯል። ሠላሳ ስምንተኛው ተራ ላይ፦ ዘምዘም ሁሴን፣ 2004፣ ያው ቀበሌ፣ ያው ስልክ። ከሥሩ፦ ዘምዘም ሁሴን፣ 2004፣ ያው ቀበሌ፣ ያው ስልክ። የተጣመሩት ጥር 22 ነው፣ እኔ ደጅ ላይ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ በነበረበት ሰዓት።

ሁለት ልጆች ናቸው። አንዷ ጤነኛ ናት፤ የካቲት 6 እና መጋቢት 2 ወባ ይዟት መጣች። ማሽኑ ሁለቱንም ቀን ለታማሚዋ ቆጠረላት። ስለዚህ ታማሚዋ አልቀረችም። ስለዚህ ስሟ ዝርዝር ላይ አልወጣም። ስለዚህ አልተደወለላትም። የመጨረሻ መርፌዋ ጥር 9 ነው።

አዲሱ ልጅ ከመንደሩ ሰዎች ሰምቶ እንደነገረኝ ታማሚዋ የሁሴን ልጅ አይደለችም፣ የወንድሙ ልጅ ናት። ሁሴን የወንድሙን ልጅ የራሴ ናት ብሎ አስመዝግቧል። ውሸት ነው! መዝገብ ላይ ከተዋሸ ፕለጊን ምን ያድርግ? የአባት ስም ማለት የአባት ስም ነው። ይህም ልጅ፣ የልብ ታማሚ ካርድ ላይ ወባ ሲጽፍ እጁ አይቆምም? አንዴ ቀና ብሎ «አንቺ ያቺኛዋ ነሽ?» አይልም? «ማሽኑ ካወጣው አትጠይቅ ብለውኛል» አለኝ። ማን እንዳለው አልጠየቅሁትም።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ሁሴንን ጤና ጣቢያው በር ላይ አገኘሁት፣ ወረቀት ሊወስድ ከደብረ ብርሃን መጥቶ። በእኔ ዕድሜ ነው። የዒድ ሒና ጺሙ ላይ አለ። ሚስቱ ከልጅቷ ጋር ሆስፒታል ናት፣ ዒድን እዚያው ዋሉ።

«አንቱ ስለ ልጄ ሊጠይቁ ነው የመጡት አሉኝ። አላህ ይስጥልን» አለኝ፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ።

ሁለቱ ልጆች እንዴት አንድ ስም እንደያዙ ጠየቅሁት።

«ዘምዘም የእናታችን ስም ነው። ወንድሜ አጣዬ ነበር የሚኖረው። እሱም ልጁን በእናታችን ጠራ፣ እኔም ልጄን። ከተማው በተቃጠለ ጊዜ እሱም ሚስቱም አልተረፉም። ልጅቱን ሰው ይዞልኝ መጣ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።»

«እና በእርስዎ ስም አስመዘገቧት።»

«ሼኹም ተቆጥተውኛል። ‹የአባቷ ስም አይነሳም› አሉኝ። ልክ ናቸው። ግን ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ያቺ የሙት ልጅ እንዳይሏት ብዬ ነው። ቤት ውስጥ ትልቋ፣ ትንሿ ነው የምንላቸው። በሦስት ወር ነው የሚበላለጡት፤ ትልቋ ነኝ ብላ ስታዛት አንቱ ቢያዩ!» ሳቅ ቃጣው።

«ሁለት ወር ሙሉ ለምን አላመጧትም?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ ሰዎች ዞር ብለው አዩን።

«ስትቀር ይደውሉልን ነበራ። እኔ ቀን አልቆጥርም፤ ሽንኩርት ላይ ነኝ፣ የውሃ ተራ ላይ ነኝ። ጎረቤቴ ስልኩን ይዞ ይመጣና ‹ልጅህን ውሰድ ብለዋል› ይለኛል፣ እወስዳለሁ። የካቲት ላይ መደወሉ ቆመ። አለቀላት ማለት ነው አልን።»

«ነርሷ ለብዙ ዓመት እንደሆነ አልነገረችዎትም?»

«ነግራኛለች። ሦስት ዓመት ተወጋች እኮ፣ ለልጅ ብዙ ነው። ረመዳን ሊገባ ሲል ፍየል አርደን ሰደቃ አወጣን፣ ዳነች ብለን። መንደሩ ሁሉ መረቃት።»

ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከሸዋ ሮቢት ድረስ የመጣሁለት እኔ ብቻ መሆኔን፣ የገዛ ዘመዱ እንኳ እንዳልጠየቀው ደጋግሞ ነገረኝ። ማን መሆኔን ግን አላወቀም። አልነገርኩትም። ምስጋናውን ሙሉ በሙሉ ተቀብዬ መጣሁ። የሚያመሰግን ሰው እንዲህ ያበሳጫል እንዴ!

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ኃላፊው አስጠራኝ። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ሰብሳቢው እሱ ራሱ ነው።

«ጥፋቱ የመድኃኒት ክፍል ነው» አለኝ። «ናጅዋ መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ሳይነሳ መቅረቱን እያየች አላሳወቀችም። ‹ለኃላፊው ነግሬያለሁ፣ ለጋሽ ወልደማርያምም ደውዬ ነበር› ትላለች። ለእኔ አልነገረችኝም። ለእርስዎስ?»

ቡና አስመጣ። ከዚያ ሁለት ዐረፍተ ነገር የተተየበበት ወረቀት ገፋልኝ። «ሶፍትዌሩ በታዘዘው መሠረት ሠርቷል። ስለ ታካሚዋ መቅረት ለሶፍትዌሩ ባለሙያ የቀረበ ሪፖርት የለም።»

«ይህን ከፈረሙልኝ ያልቃል» አለ። «እሷ ትሰናበታለች፣ ልጆች የሏትም፣ ሌላ ቦታ ታገኛለች። የእርስዎም ሥራ ስሙ አይጠፋም። ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ሊያስገቡት እየተዘጋጁ ነው።»

ቤት ወስጄ ላንብበው አልኩ።

አነበብኩት። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ስሕተት ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። ሶፍትዌሩ በታዘዘው መሠረት ሠርቷል። እኔ ራሴ ብጽፈው ከዚህ የጠራ አላደርገውም። ሁለተኛውም ቢሆን፣ «ሪፖርት» ማለት የጽሑፍ ሪፖርት ከሆነ፣ አልቀረበም። ስልክ ሪፖርት ነው? በየትኛው ደንብ?

ደብረ ብርሃን ደውዬ ስለ ልጅቷ ጠየቅሁ። የልቧ በር ተጎድቷል፣ አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ተራ መያዝ አለባት አሉኝ። የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ፣ ሆሳዕና

በላይነሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጠረጴዛውን ስታነሳ ወረቀቱን አየችው። ቆማ አነበበችው። መምህርት ነበረች፣ ጽሑፍ ስታነብ ጣቷን ከሥሩ ታስሄዳለች።

«ደውላልህ ነበር?»

«ነበር።»

«ምን አልካት?»

«አያለሁ አልኳት።»

«አየህ?»

«የዘመን አቆጣጠሩ ተሰብሮ...»

«አየህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«አላየሁም።»

ወረቀቱን መልሳ ቦታው ላይ አኖረችው፣ ጠርዙን አስተካክላ። «ይህን ከፈረምክ የፋሲካ ዕለት እኔ እህቴ ጋ ነኝ። ዶሮውን ብቻህን ብላው።»

ከሰዓት በኋላ አንዋር ለእኔ ብቻ ጻፈ። «ጋሼ፣ እኔ በምከታተላቸው ጤና ጣቢያዎች ሦስት ጥንድ አግኝቻለሁ፣ የተለያዩ ሰዎች ሆነው የተጣመሩ። ገጹ ላይ ለመለጠፍ ፈልጌ ነበር፤ በእርስዎ እጅ ቢወጣ ይሻላል ብዬ ተውኩት። ምን ላድርግ?»

አሥራ አንድ ነጥብ ጽፌ የሰደብኩት ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ። ምናለ ቢሰድበኝ!

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

አዲሱን ቅጂ ከፕሮጀክቱ ገጽ አወረድኩት። ለጫኑት አሥራ ዘጠኝ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ እንዲህ ጻፍኩ፦ «አጣማሪን ዛሬውኑ አጥፉት። የተለያዩ ሰዎችን ካርድ ያለ ጥያቄ አንድ አድርጓል። በዚህ ምክንያት አንዲት ልጅ ሕክምናዋ ተቋርጦ ተጎድታለች። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አስቀድሞ ተነግሮኝ ጉዳዩን ዘግቼዋለሁ።» አምስት ዐረፍተ ነገር። ስድስተኛ ሊመጣ ሲል፣ ስለ ጋራ ስልክና ስለ ግምት ዕድሜ የሚል፣ ቆረጥኩት። አንዋር የከፈተውን ጉዳይ መልሼ ከፈትኩ፣ እኔ ያለኝን ሥልጣን ለእሱም ሰጠሁ።

ከዚያ ለኮሚቴው፦ «ናጅዋ መጋቢት 10 ደውላልኛለች። ለኃላፊው መንገሯንም ያን ዕለት ነግራኛለች። አያለሁ አልኳት፣ አላየሁም።» ፈርሜ ወሰድኩት።

ኃላፊው ሁለቴ አነበበው። «ምን ነካዎት? የገዛ ስምዎን እኮ ነው የሚያጠፉት። የእኔንም።»

«ቅጂውን ለወረዳው አስገብቻለሁ» አልኩት።

ናጅዋ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ስልሳ አራቱን ጥንድ አብረን እንድናይ ጠየቅኳት፤ ካለ እሷ ማን ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሳታየኝ እሺ አለች። መለያያ ትእዛዝ ስላልጻፍኩለት አንድ በአንድ በእጅ ነው የሚለያየው። ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ከፋሲካ በኋላ እንጀምር ተባባልን። ማለትም እኔ አልኩ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ደብረ ብርሃን ደርሼ መጣሁ። ለሁሴን ሳልነግረው በዓል መዋል አልቻልኩም። በስስ ሸሚዝ ነው የሄድኩት፣ ጣርማ በርን እንዳለፍን ብርዱ አንዘፈዘፈኝ።

ሁሴን ሆስፒታሉ ግቢ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃል። ሲያየኝ ተነሣ። «አንቱ! እስከዚህ ድረስ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» ብሎ ጋቢውን አነጠፈልኝ። ልጅቷ ዛሬ ጥቂት ሾርባ ጠጥታለች አለኝ። ትራስ ተደግፋ ነው የምታድረው፣ ጋደም ስትል ያፍናታል።

ሳልቀመጥ ነገርኩት። ሁሉንም፣ በቅደም ተከተል። ማሽኑ ሁለቱን ልጆች አንድ እንዳደረጋቸው፣ ያንን ያዘዝኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ናጅዋ እንደደወለችልኝ። መደወሉ የቆመው ልጅቷ ስለዳነች እንዳልነበር። በመጨረሻ ይቅርታ አልኩት፣ ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ እንዴት ደረቅ እንደነበር ራሴ ሰማሁት።

መሬት መሬት እያየ ሰማኝ። ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢጮኽ መልስ ነበረኝ፤ መንገዱን በሙሉ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት።

«እንደ እኔ ልጆች የተደባለቁ ሌሎች አሉ?» አለ።

«ይኖራሉ። ስልሳ አራት ጥንድ አለ። ከእነሱ ውስጥ ስንቱ የተለያዩ ሰዎች እንደሆኑ ገና አላየንም።»

«መድኃኒት የተቋረጠበትስ?»

«አላወቅንም።»

«ለአንዳቸውም አልተደወለም?»

«ከበዓሉ በኋላ ልንጀምር...»

ቀና ብሎ አየኝ።

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ማታውኑ ወርጄ ለናጅዋ ደወልኩላት። ዛሬ በአንድ ሰዓት ጤና ጣቢያው በር ላይ ነበረች፣ ቁልፉን ከዘበኛው ተቀብላ።

«ይቀመጡ» አለችኝ። «ብዙ የምልዎት ነበረኝ፣ ግን ጊዜ የለንም። ስም ይጥሩልኝ።»

እኔ አነባለሁ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትመልሳለች። «አንድ ናት። አንድ ነው። ሁለት ናቸው፣ አንዱ ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው ነው። አንድ። ቆይ ቆይ፣ ይድገሙት። ሁለት ናቸው፣ አማትና ምራት።» አንዱ ላይ ስታመነታ ጊዜ «አንድ ናቸው መሰለኝ» አልኩ። «መሰለኝ አይሠራም ጋሼ» አለች። እስከ ሰባት ሰዓት ስልሳ አራቱን ጨረስን። አርባ ሰባቱ በእርግጥም አንድ ሰው ነበሩ። አሥራ ሰባቱ ሁለት ሰው ናቸው። ከአሥራ ሰባቱ አራቱ ላይ መድኃኒት ተቋርጧል።

ሦስቱን በስልክ አገኘናቸው። ሁለቱ ቅዳሜ ይመጣሉ። አንዷ የስኳር ሕመምተኛ ናት፣ ልጇ አሁኑኑ በባጃጅ ይዟት ተነሥቷል።

አራተኛው ሙሄ የሚባል የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ነው። ስልኩ ዝግ ነው። አምስቴ ደወልኩ። ናጅዋ ቤቱን አውቀዋለሁ አለች፣ ከወንዙ ማዶ፣ ባጃጅ የማይገባበት፣ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግር። መድኃኒቱን ከመደርደሪያው አንሥታ በፌስታል ቋጠረች።

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት።

ጫማዬን አየችው። «በዚህ አይሆንም» አለችና ከዘበኛው ጎማ ጫማ ልትለምንልኝ ወጣች።